መጋረጃ ሲዘጋ የሚጀመረው ወግ

እሑድ አመሻሽ ነው። በብሔራዊ ቴአትር የዕለቱ ትርኢት አልቆ በሮቹ ወለል ብለዋል። ተመልካቹ ደረጃውን እየወረደ ወደ አንበሳው ሐውልት አቅጣጫ ይፈስሳል። ከጨለማ የወጣ ዓይን ብርሃኑን እስኪለምድ ጥቂት ይቸገራል፤ አፍ ግን ጊዜ አይወስድበትም።

«እትዬ፣ መጨረሻውን እንዴት አዩት?» ትላለች አንዲት ወጣት፣ አብረዋት ወደ ወጡት ሴት ዞር ብላ።

«ማልቀሱንስ አለቀስኩ ልጄ» ይሏታል ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ግን ያ ሰውዬ እንዲያ ባንዴ መለወጡ አልዋጥልህ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲከፋ የኖረ ሰው በአንድ ደብዳቤ ደግ ይሆናል?»

ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ሁለት ጓደኛሞች ይከራከራሉ። አንደኛው ቴአትሩ ረዘመብኝ ይላል። ሌላው «የቱ ጋ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። «እንጃ... መሐል ላይ። ሰፈርተኞቹ ስለ እድር የሚጨቃጨቁበት ቦታ።» «እሱማ ባይኖር ልጅቷ ለምን ከቤት እንደወጣች በምን ታውቃለህ?» ክርክሩ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ላይ እየራቀ ይሄዳል።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ሐያሲ ብለው አያውቁም። ቢጠየቁም «እኛ ምን እናውቃለን» ማለታቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ እትዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር በቴአትር ትምህርት ቤት ለወራት የሚጠና ጉዳይ ነው፤ የገጸ ባሕርይ ለውጥ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ሁለቱ ወጣቶች የተከራከሩበትም እንዲሁ የድርሰት አወቃቀር ጥያቄ ነው፤ አንድ ትዕይንት በታሪኩ ውስጥ መኖር የሚገባው ለምን ሥራ ነው?

ይህ ዘገባ እንዲህ ያለው ተራ አስተያየት፣ ማለትም በደረጃ፣ በታክሲ፣ በቡና ዙሪያና በስልክ ላይ የሚሰጠው ፍርድ፣ ለፊልማችን፣ ለቴአትራችንና ለቴሌቪዥን ድራማችን ምን እንደሚሠራ ይመለከታል። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፤ የኢትዮጵያ ድራማ ትልቁ ሐያሲ ተመልካቹ ነው። ሐያሲነቱ የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር ምክንያቱን እስከ መጨረሻ የመናገር ልማድ ነው።

የአፍ ወሬ ጉልበት

በአገራችን በጋዜጣና በመጽሔት የሚወጣ ጥሩ የኪነ ጥበብ ሂስ ኖሮ ያውቃል፤ አሁንም አለ። ግን አንድ ሰው ፊልም ለማየት ሲወስን ሂስ አንብቦ የሚወስንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚጠይቀው የሥራ ባልደረባውን፣ እህቱን፣ የሰፈር ልጆችን ነው። «እንዴት ነው? ይታያል?» የሚለው ጥያቄና የሚከተለው አጭር መልስ የአንድን ሥራ ዕድሜ ይወስናሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም ሲመረቅ ፕሮዲውሰሩ ፖስተር ይለጥፋል፣ በሬዲዮ ያስነግራል፣ ታዋቂ ሰዎችን ይጋብዛል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚገዛው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ ነው። ገቢው በአዳራሹና በፕሮዲውሰሩ መካከል ስለሚካፈል አዳራሹ ወንበሩ እየሞላ መሆኑን በየትርኢቱ ይከታተላል። ተመልካች ከበዛ ፊልሙ የተሻለ ሰዓት ያገኛል፤ ከሳሳ ወደማይመች ሰዓት ይገፋል፤ ከዚያም ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ተመልካች ቤቱ ገብቶ የሚናገረው ነገር ስለዚህ ከፖስተሩ ይበልጣል።

በመድረክም ያው ነው። «ባቢሎን በሳሎን» የተባለው የውድነህ ክፍሌ ኮሜዲ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ሳይወርድ የቆየው ያየው ሰው ያላየውን እየጎተተ ስላመጣ ነው። አንዳንዱም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ አይቶታል። በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነው «እያዩ ፈንገስ፤ ፌስታሌን» ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። አንድ ሰው ብቻ በሚታይበት መድረክ ላይ ሕዝብ እንደማይቀመጥ የሚያስቡ ብዙዎች ነበሩ። ተመልካቹ ግን ከአዳራሽ ሲወጣ የሰማቸውን አባባሎች እየደጋገመ ወደ ሰፈሩ ይዟቸው ሄደ፤ ያላየው ሰውም ከአባባሎቹ ተነሥቶ ትኬት ቆረጠ።

ቴሌቪዥንና የቡናው ሸንጎ

የቴአትርና የፊልም ወሬ በአንድ ምሽት ይጀምርና ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ግን በሁለት ክፍሎች መካከል ለተመልካቹ ሙሉ ሳምንት ይሰጠዋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ቡና ይፈላል፤ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ያለፈው ክፍል እንደገና ይተረካል፤ የሚመጣው ይገመታል።

«ገመና» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይህን ያውቃል። አዳነች ወልደገብርኤል የጻፈችው ይህ ድራማ በሚተላለፍበት ምሽት መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ በማግስቱ በቢሮና በታክሲ የሚወራው እሱ ነው። «ሰው ለሰው» ሲመጣ ወሬው ባሰ። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የጀመረው «እረኛዬ» ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባ ሳሎኖች መውጣት ተስኖት የነበረውን ድራማ ወደ ገጠር ወሰደው። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ በጻፉት በዚህ ሥራ ውስጥ ድርብወርቅ ሰይፉ የተወነቻቸው እማማ ቸርነት የብዙ ቤተሰብ አያት ሆኑ።

ስለ «እረኛዬ» በየቤቱ የተባለውን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሰዎች በመጀመሪያ ያደነቁት ንግግሩን ነበር። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩት ሰው በገጠር እንደሚያወራው ነው፤ ተረትና ምሳሌው ቦታውን ጠብቆ ይመጣል፤ ዝምታውም ንግግር ነው። ቀጥሎ ያነሡት ልብሱንና ቤቱን ነበር። ከከተማ የሄደ ሰው የለበሰው የገጠር ልብስ ምን እንደሚመስል ሕዝቡ ያውቃል፤ ታጥቦ የተተኮሰ ጥብቆ ለብሶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በስንት ድራማ አይቷል። ልዩነቱ ወዲያው ገባው።

የቡናው ሸንጎ ሌላም ጠንካራ መለኪያ አለው፤ ግምት። ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ «ልጁ የሰውዬው ልጅ ነው፤ ታያላችሁ» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት እንዳለችው ከሆነ ትደሰታለች፤ ሌሎቹ ያደንቋታል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንትም ሁሉም ግምት እንዳለ ከተፈጸመ ግን ደስታው ይጠፋና «ይሄማ ታወቀ» ይመጣል። ደራሲ ሊሰማው ከሚገቡ ፍርዶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ተመልካች መገመት ይወዳል፤ ግምቱ ሁልጊዜ መያዙን ግን አይወድም። ጥሩ ድራማ የሚያስደነግጠው ተመልካቹ ወደኋላ ተመልሶ ሲያስበው «ለካ ምልክቱ ነበረ» እንዲል አድርጎ ነው። ይህን ልዩነት ቡና የሚያፈሉ እናቶች ያለ ምንም መምህር ያውቁታል።

ተዋናይና ገጸ ባሕርይ

ተራ አስተያየት የሚሳሳትበትም ቦታ አለ። ዋናው የተዋናዩንና የገጸ ባሕርይውን ድንበር ማጥፋት ነው።

በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተወነው አስናቀ በቴሌቪዥናችን ታሪክ ከታዩት ክፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ጠልቆ የቀረ ነው። ሕዝቡ ጠላው፤ ጥላቻውም ለተዋናዩ ከሚሰጥ ሽልማት ሁሉ የበለጠ ምስክር ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ «ሰውዬው እንዴት አድርጎ ቢሠራው ነው እንዲህ ያስጠላኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሌላው ተዋናዩን በመንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን የሚያጠቁርበት፣ በተለይ ሴት ተዋናይ ስትሆን ስድብ የሚወረውርባት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጥበቡን ይጎዳል። የባል ቀማኛ ሆና የተወነች ሴት በገበያ የምትሰደብ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለውን ሚና ለመቀበል ታመነታለች። ደራሲውም ክፉውን ሰው ማለስለስ፣ ደጉን ሰው ደግሞ ነቀፋ የሌለው መልአክ ማድረግ ይጀምራል። ውጤቱ ሁላችንም የሰለቸነው ድራማ ነው፤ ደጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለቅሳል፤ ክፉው በሩን እየገፋ ይገባል፤ በመሐላቸው እንደኛ ያለ ሰው የለም።

ስለ ትወና ተመልካቹ አብዝቶ የሚያነሣው ሌላው ነቀፋ ጩኸት ነው። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚጮኹት? ጆሮዬን አመመኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ነቀፋው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ከአንጋፋ ተዋንያኖቻችን ብዙዎቹ የመጡት ከመድረክ ነው። በመድረክ ላይ ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ እጅም ከሩቅ እንዲታይ ሰፋ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ካሜራ ግን ወደ ፊት ተጠግቶ የዓይን እርግብግብታ ይይዛል። በመድረክ ልክ የሆነው ትወና በስክሪን ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች «ይጮኻል» ብቻ ብሎ አያበቃም፤ ያው ተዋናይ በመድረክ ላይ ለምን እንደሚያስጨበጭብም ይገባዋል።

ትምህርት ፍለጋ

ከአዳራሽ የሚወጣን ኢትዮጵያዊ «እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሚሰማቸው ምስጋናዎች መካከል አስተማሪነቱ ከፊት ይመጣል። ሥራው ትምህርት ካልሰጠ ብዙ ሰው የከፈለው ገንዘብ ይቆጨዋል። ይህ መለኪያ ከየት መጣ?

ረጅም ሥር አለው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት ተረት አማካይነት የዘመኑን አስተዳደር የሚገሥጽ ሥራ ነበር። መኳንንቱ ፊት ታየ፤ የተነካው ሰው መልእክቱ ገባውና ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ታገደ። ቴአትራችን ስለዚህ ገና ከመወለዱ ከአስተያየት ጋር ተጋጭቷል፤ ያውም ከኃያላን አስተያየት ጋር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ደግሞ ሕዝቡን በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ለአገሩ እንዲነሣ ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲመረቅ የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ የሥልጣንና የኃጢአት ታሪክ ነው። ትምህርትና ትርኢት አብረው አደጉ።

ሬዲዮውም ይህንኑ አጸና። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሴቶች ጥቃት ለማስተማር ታስቦ የተዘጋጀ ድራማ ነበር። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን ጻፉለት። ያኔ ስልክ በየኪሱ አልነበረም፤ ሰው ግን ወረቀት ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ያለውን ሐሳብ ላከ። የሚወደው ገጸ ባሕርይ እንዲድን የለመነም፣ በደለኛው እንዲቀጣ የጠየቀም ነበር። ለድራማ የሚሰጠው አስተያየት ምን ያህል ከልብ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የትምህርት ፍላጎቱን አልነቅፍም፤ ከሕዝቡ ሕይወት የመጣ ነው። ችግሩ ደራሲው ትምህርቱን በገጸ ባሕርይ አፍ አስገብቶ እንደ ስብከት ሲያስነብበው ነው። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ያየ ወይም ያነበበ ሰው ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃል። አንዱ የጠለፋን፣ ሌላው የዘርና የመደብ ኩራትን ነገር ያነሣሉ፤ ተመልካቹ ግን ሲስቅ ቆይቶ ነው ራሱን የሚያገኘው። ስለዚህ «ያስተምራል» ያለ ተመልካች አንድ ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው። ትምህርቱን የነገረኝ ሰው ነው ወይስ ታሪኩ ራሱ አሳየኝ?

አንዳንድ ሥራ ደግሞ ትምህርቱን ጠቅልሎ አይሰጥም፤ ክርክር ያስነሣል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ አገሩ የተመለሰ ምሁርን ይከተላል። ፊልሙ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአፍሪካውን የፊልም ፌስቲቫል፣ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። እዚህ አገር ግን ትልቁ ሥራው በየቤቱ ዝም ተብሎ የኖረውን የዚያን ትውልድ ጉዳይ ማናገሩ ነው። ልጅ አባቱን «አንተ ያኔ የት ነበርክ?» ብሎ የጠየቀበት ቤት አለ። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ»ም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ላይ ታስረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የቀድሞ ሥርዓት ይዞ መጥቶ አያቶችን ስለ ዱሮ ፍትሕ እንዲያወሩ አደረገ። አንድ ፊልም እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ ቤት ካስገባ ሥራውን ሠርቷል።

የቃና ሰሞን

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የተነሣው ክርክር ተራ አስተያየት አገር የሚያናውጥበትን ኃይል አሳየ። «ጥቁር ፍቅር» እና «ኩዚ ጉኒ» በየቤቱ ገቡ። የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ የባህል መሸርሸርን፣ የአገር ውስጥ ሥራ ገበያ ማጣትን፣ ሕፃናት ያለ ልክ ማየታቸውን አነሡ። ተመልካቹም መልስ ነበረው። «እንደነሱ ሥሩልንና እናያለን» አለ።

ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበር። የቱርክ ድራማ የሚሠራበት በጀት ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ለአንድ ክፍል የሚፈስሰው ገንዘብ፣ የሚመደበው ሰው፣ የሚፈቀደው የቀረጻ ጊዜ ሌላ ነው። ተመልካቹ ግን በጀት አይቆጥርም። የሚቆጥረው የድምፁን ጥራት፣ የመብራቱን ውበት፣ ክፍሉ በየምሽቱ በሰዓቱ መምጣቱን ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት የአገር ውስጥ ድራማዎች ላይ የምናየው የምስልና የድምፅ መሻሻል ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። ተመልካቹ አወዳደረ፤ ማወዳደሩንም ጮኽ ብሎ ተናገረ፤ ባለሙያውም ሰማ። አቦልን የመሰሉ የአማርኛ ጣቢያዎች መጥተው በየቀኑ የሚታይ የአገር ውስጥ ድራማ ማቅረብ ሲጀምሩ ውድድሩ ይበልጥ በረታ።

ማወዳደር የራሱ አደጋ አለው። የውጭውን መልክ መውሰድና የውጭውን ሥራ ጥንካሬ መውሰድ የተለያዩ ናቸው። ሰፊ ቪላ፣ ውድ መኪናና የበቀል ታሪክ መቅዳት ይቀላል። «ምን ልታዘዝ» የተሰኘው የፋና ቴሌቪዥን ሲትኮም ግን አንዲት ካፌ ይዞ አገር አሳየ። ባለቤቱ፣ አስተናጋጁና ደንበኛው ሁሉ የዘመኑን ፖለቲካ ተሸክመው ነበር፤ ሕዝቡም በየሳምንቱ ማን ማንን እንደሚወክል ሲፈታ ይሰነብት ነበር። ለዚያ ትልቅ በጀት አላስፈለገም፤ የራስን ሰው ማወቅ ነው ያስፈለገው።

ይሉኝታና ምረቃ

በምረቃ ምሽት የሚሰጥ አስተያየት የማይታመነው ለምንድን ነው? ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ተዋንያኑ ይወጣሉ፤ ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ ይጠጋል። ሁሉም «በጣም ቆንጆ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ ፊልም ማደጉን ያሳያል» ይላል። እነዚያው ሰዎች በመኪና ውስጥ ሌላ ነገር ያወራሉ።

ይሉኝታ ባለበት አገር ይህ አይገርምም። የደከመን ሰው ፊት ለፊት አለማሳፈር ጨዋነት ነው። ጉዳቱ ግን ባለሙያው እውነቱን የሚሰማው ዘግይቶ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን መሆኑ ነው። ጨዋነትንና እውነትን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። «ትወናሽን ወድጄዋለሁ፤ የሆስፒታሉ ትዕይንት ግን ቸኮለብኝ» ማለት ማንንም አያሳፍርም፤ ለሚቀጥለው ሥራ ግን መንገድ ያሳያል።

ሽልማቶቻችንም የሕዝብንና የባለሙያን ፍርድ ለየብቻ ያሳያሉ። በዮናስ ብርሃነ መዋ የተጀመረው ጉማ የፊልም ሽልማት በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተሠራውን የሚሼል ፓፓታኪስን «ጉማ» ስም ይዞ የባለሙያ ዳኞችን ምርጫ ያቀርባል። በብርሃኑ ድጋፌ የሚዘጋጀው ለዛ ደግሞ በአድማጮች ምርጫ የሚሰጥ ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ ሲመርጡ ደስ ይላል፤ ሲለያዩ ግን የበለጠ ይጠቅማል። ሕዝቡ የወደደውን ዳኞቹ ለምን ዘለሉት? ዳኞቹ ያከበሩትን ሕዝቡ ለምን አላየውም? በዚህ ልዩነት ላይ የሚደረግ ውይይት ለጥበቡ ሁለት ዋንጫ ከመስጠት ይበልጣል።

ስልክ የያዘ ተመልካች

ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ የአማርኛ ፊልም ከአዳራሽ ይልቅ በዩቲዩብ ይገኛል። ተመልካቹም በዚያው ልክ ተበትኗል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያለ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቀን ያያል። በቤይሩትና በሪያድ በቤት ሥራ የተሰማራች እህት ሥራዋን ጨርሳ በስልኳ ትከታተላለች፤ ለእሷ ድራማው አገሯን የምትሰማበት ድምፅ ነው። የእሷ አስተያየት የአዲስ አበባው ተመልካች የማያየውን ያያል። ስደተኛ ገጸ ባሕርይ በውድ ልብስ፣ በሻንጣ ሙሉ ስጦታ ከዐረብ አገር ሲመለስ እሷ «እንዲህ አይደለም» ትላለች፤ ማንም ደግሞ ከእሷ በላይ ሊያውቅ አይችልም። ደራሲዎች ይህን ድምፅ ቢሰሙ ስንት የተሰለቸ ታሪክ በታደሰ!

ስልኩ ያመጣው ችግርም አለ። አንድ ሰው የድራማውን መጨረሻ በደቂቃዎች ውስጥ ለሺዎች ይናገራል። ሌላው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ብቻ አይቶ ሙሉ ፊልሙን ይፈርዳል። ከአውዱ የተቆረጠ ትዕይንት ገጸ ባሕርይው የተናገረውን የደራሲው አቋም ያስመስለዋል። ሙሉውን ሳያዩ መፍረድ ግማሽ ምስክር ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ መሆን ነው።

ምክንያቱን እንናገር

የተራ አስተያየት ውበቱ ነጻነቱ ነው። ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም፤ ዲግሪ አይጠየቅበትም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ ቴአትር ይሰጣል፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ለአገሪቱ ብዙ ሠርተዋል። ግን ድራማ የሚጻፈው ለተመራቂዎች አይደለም፤ ታክሲ ለሚጠብቀውና ቡና ለምታፈላው ነው። ስለዚህ አስተያየታችን ይቀጥል፤ ይብዛ። ጥቂት ነገር ብቻ እንጨምርበት።

«ወደድኩት» ወይም «አልተመቸኝም» ካልን በኋላ የቱን ትዕይንት እንደሆነ እንጥቀስ። ታሪኩ ነው ያላማረን፣ ትወናው፣ ድምፁ ወይስ ርዝመቱ? እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው፤ የደራሲውን ጥፋት በተዋናዩ ላይ አንጫን። ክፉን የተወነን ሰው በደንብ አስጠልቶን ከሆነ እንመስግነው። ያላየ ሰው አጠገባችን ካለ መጨረሻውን እንተውለት። የጻፈውን ወይም የሠራውን ሰው ስናገኝም በመኪና ውስጥ የምንለውን በጨዋ ቃል ፊቱ እንናገረው።

ባለሙያዎችም ድርሻ አለባችሁ። ከትርኢት በኋላ በጓሮ በር ከመውጣት ይልቅ አንዳንድ ቀን በደረጃው በኩል ውረዱ፤ ማንነታችሁን ሳትናገሩ ሰዉ የሚለውን ስሙ። እንደ እትዬ ያሉ ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሚናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር የሚቀጥለውን ድርሰት ሊያድን ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም የሚቀጥለውን ፊልም፣ ቴአትር ወይም ድራማ ካያችሁ በኋላ ለአንድ ሰው ስለ ሥራው ንገሩት፤ ምክንያቱንም አብራችሁ ንገሩት። ጥበባችን የሚያድገው በዚያ ምክንያት ነው።